አምስተኛው ዕቅድ

ከሄልሲንኪ መጣች፣ በረዶ ሰንጥቃ፣
ወጣቷ ሚኒስትር፣ ወረቀቷን ታጥቃ።
በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በሕፃናት ወንበር፣
ጉልበታችን አገጭ ነክቶ፣ ተደርድረን ነበር።

ግድግዳው ላይ አበራች የአገሩን ካርታ።
የኛን ክሊኒክ ነጥብ ፈለግናት በተርታ፤
ላጲስ እንደነካት ጠፍታለች ከቦታ።

«ማሻሻያ» አለች፤ ቃሉ ደስ ይላል፣
ሻሽ ያለው ይመስላል፣ ቁስል ይጠቀልላል።
እኔ ግን ሰማሁት፣ ጆሮዬ አርጅቶ፣
«መሸሻ» የሚል ቃል ከውስጡ ተኝቶ።

ባሌ ታቬቲ፣ በግንድ መኪና ያረጀ፣
በዚያ ጎዳና ላይ ስንት ጎማ የፈጀ፣
እጁን አወጣና፦
«ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ፤
አጋዘን ይተኛል አስፋልት ላይ፣ ቤቴ ብሎ።
ልቤ ቀጥ ስትል ማን ነው የሚመክራት፣
‹ትንሽ ነው የቀረን፣ ጠብቂ› የሚላት?»

ሳቅ ሆነ። እሷም ሳቀች። ስላይዱን ቀየረች፤
«ሐኪሙ በስክሪን ይመጣል» እያለች።
ስክሪን ብርቃችን አይደለም፤
ግን እዚህ ኔትወርክ የሚያገኘው አንድ ሰው ነው፣ እሱም
ከነርስ ኢርመሊ የማገዶ ክምር ላይ የወጣ።

ይህ አምስተኛው ነው።
የመጀመሪያው ዕቅድ ሳውናችንን ለኮሰ፤
ሁለተኛው ካቢኔው ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤
ሦስተኛው አዋላጇን ወደ ከተማ ወሰደና፣
የቬንላ ልጅ ነዳጅ ማደያ ጋ፣ መኪና ውስጥ አለቀሰ።
አራተኛው፣ ወፍራሙ፣
ከጠረጴዛችን እግር ሥር ነው።
እውነት ለመናገር፣
ጠረጴዛው ድኗል።

ክፉ ሴት አይደለችም። የሚያስቸግረኝ ይኸው ነው።
ስትወጣ ጫማዋን አየሁት፣ ቀጭን፣ የከተማ፣
በረዶ ገብቶበታል።
ለልጅ ልጄ የሠራሁትን የሱፍ ካልሲ
ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።
እጄን ጨበጠች፤ «አምስት ዓመት ብቻ» አለች፣
ዓይኗን አየሁት፣ አልዋሸችም።
ቃሏን አምኜዋለሁ።
ያላመንኩት መንገዱን ነው።

ማታ ታቬቲ አዲሱን መጽሐፍ በእጁ መዘነ፤
«ይሄኛውስ የቱ ጋ ይግባ?» አለኝ።
መልስ አልሰጠሁትም።
ወጥቼ የመኪናውን ሞተር ማሞቂያ ሶኬት ሰካሁ፣
ቁልፉን ከራስጌዬ አኖርኩ።
ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነበር።