የኮምፔንሳቶ አውሮፕላን

ያን እሑድ ጠዋት ካሜራ አልነበረም፤
ቦምብ ቀጠሮ አይዝም፣ ደርሶ «ቤቶች!» አይልም።
ጭሱ ሲነሣ ወደቡ ዳር ነበርኩ፣
በአንድ እጄ መዶሻ፣ በአንዱ ዳቦ እንደያዝኩ።
አልጮህኩም፤ አልሮጥኩም፤ ዳቦዬን ጨረስኩት።
ይህን ለማንም ሰው እስከ ዛሬ አልነገርኩት።

በዓመቱ ኦዋሁ የፊልም ሰዎች መጡ፤
ሣጥን ሙሉ መብራት ከመርከብ አወጡ።
«ያመለጠንን ቀን እንቀርጸዋለን» አሉ፤
«አይተው የሚማሩ ምልምሎች አሉ።»

ለእኔ የደረሰኝ አውሮፕላን መሥራት፦
ክንፉ ግማሽ ብቻ፣ ጭራ የሌለበት፣
ኮምፔንሳቶ ለብሶ፣ ሆዱ ባዶ ቤት፣
ከሥሩ ወፍራም አጣና የገባበት፤
ሁለት ሰው አጣናውን ሲነቀንቅለት
ሰማይ ላይ ያለ የሚመስል ፍጥረት።

አብራሪ ግን ጠፋ።
ጃፓን ጎረቤቶቼን ማን ደፍሮ ይጠይቅ?
ሬዲዮናቸው እንኳ ተወስዷል።
ከዋይፓሁ እርሻ፣ ከሸንኮራው መሐል
ፋውስቲኖ ተጠራ። «መልኩ ይቀርባል»
አለ ዳይሬክተሩ፣ አገጩን ይዞ ወደ መብራት እያዞረ፣
ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ጥርሱን እየቆጠረ።

ፋውስቲኖ ኢሎካኖ ነው፤ እናቱ ቪጋን ናት።
ያው ጦር፣ በዚያው ሳምንት፣ እዚያም ወርዶባት
ወሬዋ ከጠፋ ድፍን አንድ ዓመት።
ይህን ነገርኳቸው። «ታዲያ ጥሩ!» አሉኝ፣
«ጠላትን ያውቀዋል።» ምን ልበል? ዝም አልኩኝ።

የጠላት ኮፍያ፣ የጠላት መነጽር፣
አንገቱ ላይ ነጭ ሐር፣
ለዚህ ሁሉ በቀን ሦስት ዶላር።
«ፈገግ በል!» አሉት። «ጠላት ሲመታ ይስቃል።»
ሞከረ። ጥርሱ ወጣ እንጂ ሳቅ አልወጣም።
«እንደገና!» እኔና ካሌኦ አጣናውን ነቀነቅን።
«እንደገና!» ትከሻችን እስኪዝል ነቀነቅን።

በሰባተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች አየ።
ከታች የውሃ ገንዳ ነው፤ መርከቦቹ ክንድ የሚያህሉ፣
እኔው የቀባኋቸው፣ በቤንዚን የሚቃጠሉ።
ምን እንዳየ አላውቅም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤
ሞተር በሌለው አውሮፕላን ውስጥ እንኳ ድምፁ እኔ ጋ አልደረሰ።
«ይኼ ነው!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «መብራት አጥፉ!»

ካምፑ አዳራሽ ሲታይ ከኋላ ቆሜ ነበር።
መጀመሪያ ካርታ፤ ካርታው ላይ ነጭ ቀስት፤
ከዚያ ወፍራም ድምፅ፦ «ይህን ስትሰሙ ተኙ፤ ይህን ስታዩ ቁጠሩ»።
ምልምሎቹ ደብተር አውጥተው ጻፉ።
ከዚያ የፋውስቲኖ ፊት፣ ግድግዳውን ሞልቶ።
«ይህን ጭካኔ ልብ በሉ!» አለ ድምፁ።
ጢም ያላበቀለ አንድ ልጅ የለውዝ ቅርፊት ወረወረ፤
ሌላው ተከተለ፤ መጋረጃው ዝናብ እንደመታው ቆርቆሮ ጮኸ።

እኔ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ የለሁም።
እኔ በቆምኩበት ቦታ አንድ መልከ መልካም ወጣት
ሮጠ፣ እጁን ዘረጋ፣ እያማረበት ወደቀ።
እውነት ለመናገር፣ ሳየው አመንኩት።
አሁን አሁን ያን ጠዋት ሳስበው የሚታየኝ እሱ ነው፤
ዳቦዬን ፈልጌ ፈልጌ አጣዋለሁ።

ፋውስቲኖን ፀጉር አስተካካዩ አንድ ወር መለሰው፤
«ወንበሩ ተይዟል» እያለ፣ ባዶ ወንበር እያየው።

አውሮፕላኑን ለማገዶ ሊፈልጡት ሲሉ
«ለእኔ ስጡኝ» አለ። በሸንኮራ ጋሪ ጎትተን
ጓሮው ውስጥ አቆምነው፤ ሽቦ መታንበት።
ዶሮዎቹ ሁለት ቀን አልቀረቡትም።
በሦስተኛው ቀይዋ ገባች፤ ዞር ዞር አለች፤
ከአብራሪው ወንበር ላይ፣ ሐሩ ላይ፣ ተኛች።

ያኔ ሳቀ። ያን ሁሉ ቀን የለመኑትን ሳቅ፣
ካሜራ የሌለበት ቦታ፣ ሆዱን ይዞ።
«እሑድ ና» አለኝ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፤
«እንቁላሉ ከእኔ።
አንተ ዳቦ ይዘህ ና።»