የቫልቩ አገር

ሳርንያ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
እዚህ ነው የምውለው የሰው ብረት ስጠይቅ።
«አንተ ቫልቭ፣ ትውልድህ ከወዴት ነው?» ስለው
ዝም ይላል፤ መልሱን የምጽፍለት እኔው።

ሃሚልተን ቀለጠ፣ ኦሃዮ ተሞረደ፣
እዚህ ተፈተነ፣ ወደ ቴክሳስ ወረደ፣
የጋዝ ቧንቧ አንገት ላይ ሊታሰር።
ሦስቴ ድንበሩን የተሻገረ ብረት፣
ድሮ ሦስቴም ኬላው ኪሱን የዳበሰበት።

ከእኔ በፊት ወንበሩ የዶሪን ፔልቲየር ነበር።
በእርሳስ ያሰመረችው ሰንጠረዥ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤
ዘጠኝ ከመቶ፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ አራት ተኩል፣
የፈረንጅ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ እርከን፣
ጉልበቱን እንደሚያመው ሽማግሌ ደረጃውን ተደግፎ ሲወርድ፤
መጨረሻው ላይ ዜሮ።
ዙሪያውን ሁለቴ አክብባበታለች፣
የፈረሙትን ሰዎች ያመነቻቸው አይመስልም።

የጥንቱ ነጋድራስ ቢያይ ምን ይል ነበር?
በር አለ፣ ዘበኛ አለ፣ ቀረጥ የለም በበር።

ግን ዜሮም እንዲሁ አይገኝም፤ ምስክር ይቆጠርለታል።
አካሉ የእኛ ነው፣ ብሎኑም የእኛ ነው፣
ዘንጉስ? ክዳኑስ? ማን አየው? ማን ቆጠረው?
ባለፈው ሐሙስ አንዲት የጎማ ቀለበት፣
ከጣቴ የማትወፍር፣ ባሕር አቋርጣ የመጣች፣
ወረቀቷ ቢጠፋ ሎርን ቫቹክን ከነመኪናው አስቆመችው።
ሦስት ሰዓት ሙሉ።
ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሳንድዊቹን በጓንት ይዞ እየገመጠ፣
በስልክ «ለመሆኑ የማን ሠርግ ነው?» ይለኛል።
ለዚያች ቀለበት ሽማግሌ ላኪዋ እኔ!

እሱ ቆሞ ሳለ፣ ከወንዙ ወለል በታች
ጋዙ በቧንቧው ይሻገራል፤
አይታይም፣ አይቆምም፣
ከቆጣሪ በቀር ሰላም የሚለው የለም።

ከሰንጠረዡ ግርጌ ዶሪን የጻፈችው አለ፣
ደብዝዟል፦ «ዘጠኙስ ወዴት ሄደ?»
ሎርንን ጠየቅሁት፤ በደመወዜ አልመጣም አለ።
ሃሚልተን ደወልኩ፤
አንዱ ምድጃ ከጠፋ ቆየ አሉኝ፣
ሌላው ግን ሌሊቱንም ይነዳል፣ ትርፍ ሰዓት አለ።
ማታ ቤቴ የጋዝ ሂሳቤን አገላብጬ አየሁ፤
ካምናው በአሥራ አንድ ሳንቲም ቀንሷል።
ይሄ ይሆን? እንጃ።
በማግስቱ እርሳስ ቀርጬ ከጥያቄዋ ሥር ጻፍኩላት፦
«አሥራ አንድ ሳንቲሙ እኔ ጋ ነው።
ሌላውን እየፈለግሁ ነኝ።»