ቆይ

አርብ ነው ዛሬ፤ ገመዴን ፈትቼ፥
ስድስት ቀን የማብሰውን መስታወት ትቼ፥
ከመናማ ፎቆች በድልድዩ ወጥቼ
ሙሐረቅ ገባሁ።

መንገዱ ጠበበ፤ ሁለት ሰው አያሳልፍ፤
ግድግዳው የባሕር ድንጋይ ነው፥ ኖራው ሲረግፍ
ጣቴ ዛጎል አገኘ፥ በጭቃ ታጥሮ
ማዕበል የሚጠብቅ እንደ ዱሮ።

ከበሩ በላይ የቁርኣን ቃል ተቀርጿል፤
ከቃሉ በታች የመብራት ቆጣሪ ተሰቅሏል።
የንፋስ ማማው ያፏጫል ብቻውን፤
ኤሲ ከጎኑ ያንጠባጥባል ውኃውን።

ፈረጅ የሚሉት ዘበኛ፥ የዕንቁ ነጋዴ ቤት ጠባቂ፥
ሸምገል ያለ፥ መልኩ የኛ፥ ሰው ናፋቂ፥
«ከየት ነህ?» አለኝ። «ሐበሻ» አልኩት፤ «ከወሎ።»
ወንበሩን ሰጠኝ፤ ራሱ ቆመ ዝም ብሎ።

«ጠላቂ ነበር አያቴ፤ ልጅ ሆኖ የተሸጠ፤
የሰው አንገት ሲያስጌጥ ሳንባው የቀለጠ።
ገመድ በወገቡ አስረው ሲያወርዱት ወደ ታች
ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረች።
እኛም እንላታለን ልጅ ከደጅ ሲወጣ፤
ትርጉሟ ቀርቶ ድምጿ ብቻ የመጣ፦
ቆይ

«ጠብቅ ማለት ነው» አልኩት በዐረብኛ።
«ማንን?» አለ።
አላወቅሁም።

መሸ። ከድልድዩ ማዶ ፎቆቹ መብራት ለበሱ፥
ነገ የምወርድባቸው፥ በገመድ፥ እንደ እሱ።
አውቶቡሱ ሊሄድ በሩን ሲዘጋብኝ
እየሮጥኩ ያቺ ቃል አመለጠችኝ።
ሾፌሩ የኬራላ ሰው ነው፤ ምን እንዳልኩ ሳያውቅ
ቆየልኝ።