ምራቂ

ስምንት አንቀጽ ይዛ አንዲት ቅጠል ወረቀት
ሐሙስ ደረሰችን፣ ከረፋዱ በፊት።
የኒሙ ዛፍ ገና ጥላውን ሳያጥፍ
ኢድሪስ ከጋራዡ ወጣ ሊለጥፍ።
«የባጃጅ ውድድር፣ የዘንድሮው ደንብ» ይላል፤
ከዚያ በታች ያለው ቁጥር ቁጥር ይሸታል፦
የካርቡራተሩ ጉሮሮ ይጥበብ፣
ጎማው ዓይነቱ አንድ፣ ከአንድ ሱቅ ይሰብሰብ፣
አርባ ኪሎ አሸዋ፣ ከደቻቱ ተዝቆ፣
ከሹፌሩ ወንበር ሥር ይታሰር ጠብቆ።

«አቦ!» አለ ጉሌድ፤ ሌላ አልጨመረም፤
ቁልፉን ከኪስ አውጥቶ ያን ዕለት አልዞረም።

ከለገሃሩ ፊት ተነስቶ፣ በኒሞቹ መሃል ሾልኮ፣
የደቻቱ ድልድይ ላይ በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ፣
ተመልሶ ጣቢያው፦ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ።
አራት ዓመት ሙሉ ያልነካው ማንም ወንድ።

ማታ በረንዳው ላይ ሒሳቡ ተጀመረ፤
«ዘጠኝ እንከስራለን» ኢድሪስ በጠመኔ አሰፈረ፤
«ጉሮሮውን ያነቁት ሰው ሲሮጥ አይታችኋል?
በቀጥታው መንገድ ብቻ ስድስቱ ይጠፋል።»

ሂንዲያ፣ የእህቱ ልጅ፣ ዘይት የነካው ሻሽ አስራ፣
«አጎቴ፣ አሸዋውን ረሳኸው» አለች፣ በጣቷ ቆጥራ።
«ባጃጅ የምትዘገየው ስትሮጥ አይደለም፣ ስትፈራ ነው።
ኩርባው ጋ ስትደርስ አንድ እግሯን ታነሳለች፣
ጉሌድም ፍሬን ይረግጣል።
ከሥሯ አርባ ኪሎ ካለ ግን መሬቱ ራሱ ይይዛታል።
በቀጥታው ያጣነውን በኩርባው እንለቅማለን፤
ብንከስር አራት ነው።»

ኢድሪስ ሳቀ። ሲስቅ ጠመኔው ተሰበረ።
እኔ ዝም አልኩ። እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ።

ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ውሻ እንኳ ሳይነቃ፣
ጉሌድ አሸዋውን ጫነ እንደ ግመል ዕቃ።
የመጀመሪያው ዙር፣ ሁለት ከሃያ ሦስት።
«አላልኩም?» አለ ኢድሪስ።
ሁለተኛው፣ ከሃያ። ሦስተኛው፣ ያው ሃያ።
አራተኛው ላይ ኩርባው ጋ የፍሬኑ ጩኸት ጠፋ።
በሰባተኛው፣ ሁለት ከአሥራ አምስት።
ሂንዲያ አልጮኸችም፤ ጣቶቿን ብቻ አነሳች፣ አራት።

ሁሉም ሞተሯን ሲከብ እኔ ወደ በሩ ሄድኩ።
የመጨረሻዋን አንቀጽ ከኔ በቀር ማን አየ?
«ጊዜ በሽቦ ይለካል፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ፤
የሰው እጅ አይገባበትም።» በቃ፣ ይኸው ነበረ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ሲገባ ሲወጣ መዝግቤ
ይህችን ሰዓት ሸለሙኝ፤ ይኸው አለች ከልቤ አጠገብ።
እናንተ ሞተር ዘርዝራችሁ፣ ጎማ ዘርዝራችሁ፣
የኔን አውራ ጣት ግን ከሒሳብ ረሳችሁ።
ፊሽካውን ጆሮዬ ሰምቶ ለጣቴ እስኪነግር
ባጃጇ ሄዳለች አንድ ሁለት እግር፤
ስትመለስ ደግሞ፣ ገና አፍንጫዋን ሳይ፣
ጣት ይቸኩል የለ፣ ይጠብቃል ወይ?
እየዘገየሁ ጀምሬ፣ እየቀደምኩ ጨርሼ፣
ስንቱን ሽርፍራፊ ሰጠሁ ከራሴ ኪስ አፍስሼ!
ለአንዱ አሥር ሳንቲም፣ ለጉሌድ ስሙኒ፣
መልሱን ማንም ሳይቆጥር፣ ማንም ሳይለምነኝ።
«ሁለት ከአሥራ አንድ» የምትሉት፣ ያ የአራት ዓመት ጌጥ፣
ከጣቴ ብድር ነበረበት፣ እንዲያ የሆነው መብለጥ።

ሽቦ ምራቂ አያውቅም። ሽቦ ዘመድ የለውም።
ነገ ያው ሞተር፣ ያው አሸዋ፣ ያው ሹፌር፣ ያው ድልድይ፤
ዙሩ ግን ይረዝማል፣ ማንም ሳይዘገይ።

ነገርኳቸው? ኧረ የለም።
ፀሐይ ጣቢያው ጣሪያ ላይ ወጥታ ቆርቆሮው መሰንጠቅ ሲጀምር
ጉሌድ አንድ ዙር ጨመረ፣ ማንም ሳያዘው።
ወርዶ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣
«ሙሴ ስጦታው፣ ስንት ነው?» አለኝ።

ሰዓቷን አየሁ። ሁለት ከአሥራ አራት፣ ከምናምን።
«አሥራ አራት» አልኩት።
ምናምኗን መረቅኩለት።