ቁንጥር ስንት ግራም ነው?

ልብስ ማጠቢያ ነበር ድሮ፣ ከነዳጅ ማደያው ጎን፤
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ በረዶ በከመረበት የጥር ሰሞን
ኪርትና በብድር ገንዘብ፣ በአጎቷ ዋስትና
ተከራየችው፤ ግድግዳው ገና አልለቀቀም ሳሙና።

ስድስት ወንበር፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከጀርባ አንድ ምድጃ፤
ከምድጃው ኋላ ሱባያ፣ ያለ ዲፕሎማ፣ ያለ ማስረጃ።
የበርበሬ አገር ልጅ ነው፣ ጉንቱር ነው የተወለደው፤
"ስንት ይግባበት?" ሲሉት፣ "እስኪበቃው" ነው የሚለው።

የሆስፒታሉ ነርሶች፣ የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ፣
በሰማያዊ ልብሳቸው፣ ከነድካማቸው ሲደርሱ፣
ሩዝ ወይስ ቂጣ? ሽምብራ ወይስ ዶሮ? ያቃጥል ወይስ ይለዝብ?
አራት ደቂቃ። ሳህን ሞላ፣ ሂሳብ፣ ደህና ዋሉ፣ ቀጣዩ ይቅረብ።

ስሙን "ጉፔዱ" አለችው፣ እፍኝ ማለት ነው በእነሱ አፍ፤
አርማውም በቢጫ ተሳለ፤ የሱባያ፣ ከነጠባሳው፣ መዳፍ።

ከዚያማ ነገሩ ፈጠነ።
ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲው በር፣ ሦስተኛው ሲንሲናቲ፤
አራተኛው ዴይተን ላይ ነበር፤ ስለሱ ባናወራ ይሻላል፤
ጣራው አፈሰሰ፣ ሥራ አስኪያጁ ካዝናውን ይዞ ኮብልሏል።

ባለገንዘቦች መጡ፣ ካልሲያቸው ያሸበረቀ፤
አንዱ ወጡን ቀምሶ፣ እንባውን እየጠረገ አደነቀ።
"ድንቅ ነው" አለ፤ "ግን ንገሪኝ፣ ይህ ሰውዬ ቢታመምስ?
ሠላሳ ሱቅ ስንከፍት፣ ሠላሳ ሱባያ ከየት ሊደርስ?"

እኔን የቀጠሩኝ ያኔ ነው፤ ሚዛን ያዥ፣ የምግብ ሳይንስ ምሩቅ፤
ሥራዬ አጭር ነበር፦ ከሰውዬው እጅ ወጡን መንጠቅ።
(በደብዳቤው ላይ እንዲህ አይልም። "ደረጃ ማውጣት" ይላል።)

ሚዛኑን ከእጁ ሥር አስቀመጥኩ።
"ቆንጥር" አልኩት። ቆነጠረ። አንድ ነጥብ ስምንት። ጻፍኩ።
"ድገም።" ሁለት ነጥብ አንድ።
"ድገም።" አንድ ነጥብ አራት።
ሃያ ጊዜ ቆነጠረ፤ ሃያ የማይገናኝ ቁጥር ሰጠ፤
እኔ ላብ በላብ ሆንኩ፤ እሱ ዝም ብሎ ዝንጅብል አላመጠ።

"ለምን ይለያያል?" አልኩት፤ መስኮቱን በአገጩ አሳየኝ፤
"ሰማዩ ከብዷል፤ ከሙን በእርጥበት ይገናል፤ ቀነስኩለት" አለኝ።
"ሽንኩርቱ የሰኞ ነው፣ ጣፍጧል፤ በርበሬውን ከፍ አደረግሁ፤
ይቺኛዋ ግን..." ሳቀ፤ "ሚስቴ ደውላ ነበር፤ ሳላስበው አበዛሁ።"

አማካዩን ወሰድኩ። አንድ ነጥብ ሰባት ግራም።
ሰማይ የለበትም፣ ሰኞ የለበትም፣ የሚስት ድምፅ የለበትም።

ዛሬ በስድስት መቶ ሊትር ድስት፣ በብረት ክንድ ይማሰላል፤
በላስቲክ ታሽጎ፣ በረዶ ሆኖ፣ ሌሊት በካሚዮን ይጫናል።
ጣዕሙ መጥፎ ነው አልልም፤ ዋሽቼ ምን ላተርፍ?
ቀትር ሳይሞላ ገና፣ እስከ መንገድ ይዘልቃል ሰልፍ።
ነርሶቹም አልቀሩም። ኪርትናም ሰው አልበደለች፤
ለሱባያ ድርሻ ሰጥታዋለች፣ ጉልበቱን አሳክማለች።
አርማው ላይ መዳፉ አለ፤ ጠባሳው ግን ጠፍቷል፤
በትንሹ ሲታተም፣ አሉ፣ ቆሻሻ ይመስላል።

ባለፈው ሐሙስ ኢንዲያናፖሊስ ተመረቀ ሠላሳ ሰባተኛው።
ሱባያ ከሰልፉ ኋላ ቆመ፤ ማንም አላወቀው።
"ያቃጥል ወይስ ይለዝብ?" ብላ ገንዘብ ተቀባይዋ ጠየቀችው፤
"እስኪበቃው" አላት። ሳቀች፤ "መካከለኛ" የሚለውን ተጫነችው።

ውጪ ዝናብ ነበር። ተቀመጠ። ቀመሰ። ቆየ።
ቀና ብሎ ደመናውን፣ ዝቅ ብሎ ሳህኑን አየ።
"ይሄ የየትኛው ቀን ነው?" አለኝ።
"የሁሉም ቀን" አልኩት።
"መስሎኝ ነበር"
አለና፣ አንድ ፍሬ ሩዝ ሳያስቀር ጨረሰ፤
ሳህኑን ራሱ አነሳ፣ ጠረጴዛውን በእጅጌው አበሰ።