ከእግሯ ሥር ያለች ጭረት

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ሰላምታ አልያዘም።
«‹ኝ› ስጽፍ ፕሮግራማችሁ ባዶ ሰው ያመጣል፤
ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ። ማን ነው የሚቀብራቸው?»
ከግርጌው፦ ድዚድራ፣
የመቃብር መዝገብ ቤት፣ ሊየፓያ።

ሳርሚቴ አነበበች፤ ሣቋ አመለጣት፤
ሊኑክሷ ላይ ሞክራ ‹ኝ› ጻፈች፤ መጣላት።
ጉንዳርስ በበኩሉ ማኩን ከፈተና
ኦፕሽኑን ተጭኖ አወጣት በደኅና።
«እኛ ጋ ይሠራል» ስትል መለሰች፤
የሙያው ቋንቋ ነው፣ እሷ መች ፈጠረች፤
ኪስ ሳይዳብሱ ለለማኝ እንደሚባል፣
«እግዜር ይስጥሽ» ብሎ በር የሚዘጋ ቃል።

ከድዚድራ ዘንድ ግን መልስ ቀረ።
አንድ ሳምንት።
ዝምታው ከስድብ ይልቅ ቆረቆረ።

ሐሙስ ትራም ይዛ ወረደች ከመቃብሩ በር፤
የባልቲክ ነፋስ ቆቧን ሊነጥቃት ሲታገላት ነበር።
ድዚድራ ወንበር ሳበችላት፤ ሻይ እንኳ አላለችም፤
«እጄን እዪ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ቪ፣ ቶ፣ ሊ… ጣቶቿ ሳያዩ ይሄዳሉ፤
በሠላሳ ዓመት የስንቱን ሙት ስም ያውቃሉ።
አውራ ጣቷ ወርዶ የቀኙን አልት ያዘ፤
‹ን› ተነካች፤
ከች አለ መስኮት።
«አዲስ ሟች» ይላል ርእሱ።
ስም፦ ባዶ። የሞተበት ቀን፦ ባዶ። ረድፍ፦ ባዶ።

ሳርሚቴ ፊቷ ጋለ፤ የእጇን ሥራ ዐወቀች፤
ከሁለት ክረምት በፊት እሷው ናት ያዘዘች፦
ኮንትሮልና አልት ከ‹ን› ጋር ሲገጥሙ
አዲስ መዝገብ ክፈት።
መች ጠረጠረችና፣ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ
ቀኙ አልት ብቻውን ሁለት ካባ እንደሚለብስ፤
ኮንትሮልም እሱ፣ አልትም እሱ ሆኖ፣
አንድ ጣት ሁለት ምስክር ተብሎ ታምኖ።

«እስካሁን እንዴት ቻልሽ?»
ድዚድራ መሳቢያ ሳበች፤ ቀጭን ብዕር አወጣች፤
የታተመውን ‹ቪቶሊና› ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ
ከ‹ን› እግር ሥር አንዲት ጭረት ጣለች።
ቪቶሊኛ።
በእኛ ፊደል ያቺ ጭረት ከአናት ላይ ናት፤
በእነሱ ከእግር ሥር፤ ድምፅዋ ግን ያው ናት።
«ትንሿ አኻያ ማለት ነው» አለች ድዚድራ፤
«ያለ ጭረቷ ምንም ማለት አይደለም።
ልጇ ነገ ይመጣል፤ ያነበዋል።»

በመልሱ ትራም ላይ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አርጋ፣
ጣት መጠየቅ ተወች።
የትኛው ቁልፍ ወረደ? አላለችም፤
የትኛው ፊደል ተወለደ? አለች፤
ፊደል ከተወለደ አቋራጩ አፉን ይዝጋ።
አራት መስመር አጠፋች፤ አንድ ጻፈች።

ሰኞ ደብዳቤ መጣ፤ አሁንም ሰላምታ የለው።
«ፊደሏ ገባች። አሥራ አንዱ ባዶዎች ግን
ደሊትን ስጫን ንቅንቅ አይሉም።
ረድፍ ልስጣቸው ወይ?»

ሳርሚቴ ቀና ብላ ጉንዳርስን አየችው።
ጉንዳርስ ኪቦርዱን አየ፤
ማክ ላይ ደሊት የሚሉት ቁልፍ፣ ሌላው ቤት
ባክስፔስ ነው ስሙ።
«እኛ ጋ…» ብሎ ጀመረና ተወው፤
ጃኬቱን አነሣ፤
ትራሙ በስንት ሰዓት ነው አለ።