አሥራ ሰባት የናስ አፍንጫ

እናቴ ሱፍ ስትፈትል፣ በመሐል ሜዳ ቁር፣
ከእንዝርቷ ጫፍ ናስ ነበር፣ እያበራ የሚዞር።
“ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋት፤ ዝም አለች ጥቂት ቆይታ፣
“የአያትህ ኃጢአት ነው” አለች፣ ክሩን በጣቷ ገትታ።

አሥራ ሰባት ነበሩ፤ አንዱ ለእንዝርት ዋለ፣
ሁለቱን አንጥረኛ ወሰደ፣ የቀረው በስልቻ አለ።

ፊታውራሪ ወሰንየለህ ለምን ተሸነፈ ሲባል፣
ጠጅ ቤቱ አንድ፣ ደብሩ ሌላ፣ ሁሉም የየራሱን ይላል።
አንዱ፣ “ውርጭ ነው” ይላል፤ ጓሳን በሌሊት ሲሻገር፣
ከጅባራው ሥር ሠላሳ ሰው ደርቆ ቀረ እንደ አጥር።
ሌላው፣ “ስልኩ ነው” ይላል፤ የሞላሌን ሽቦ ቆርጦ፣
የሰላ ድንጋዩን ረሳው፤ ወሬ ቀደመው አምልጦ።
ሦስተኛው፣ “ፈረንጁ ነው” ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ለራሱ መትረየስ የሰጠው፣ የጨው መንገዱን ፈልጎ።
አራተኛው ምንም አይልም። ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል።

እሱ አባቴ ነበር።

ፊታውራሪ ደግ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ያነባል፣ አይዘርፍም፣
ገበሬ ቤት ሠራዊቱን ያለ ፈቃድ አያሳድርም።
“በማን ርስት ነው የምንሞት? ይበቃል” አለ አንድ ማለዳ፣
ጦሩን ወደ ኋላ አዞረው፣ ከቆላው ወደ ሜዳ።
ግን ይህን የነገረው ለሚስቱ ነው። ለጦሩ ያለው ሌላ ነው፦
“ራሱን ከክፉ መካሪ ልናድን ነው የምንሄደው።”
ግማሽ እውነት አስታጥቆ አዘመታቸው።

አፍቀራ ገደል ላይ፣ ማዶ ለማዶ ሰፈሩ፤
መሸ፤ ጉም ወረደ። ከወዲያ አንድ ለፋፊ ጮኸ፣ እየጠራ በየአገሩ፦
“የጌራ ልጅ! የማማ ልጅ! የላሎ ልጅ!
የማን ገብስ አፋፋህ? የማን ባና ለበስህ በዚህ ውርጭ?
የበላህበትን ወጪት ሰብረህ ከገደል አትርጭ!”

ገብሱ የራሱ አልነበረም፤ የአባቶቻቸው ማሳ ነው፣
ባናውም የእናቶቻቸው ክር። ግን ማን ያስበዋል?
በርዷቸዋል፣ ርቧቸዋል፣ ሌሊት ነው።

ሲነጋ የሰፈሩ ሢሶ ባዶ ነበር፤
እሳቱ ብቻ ይጨሳል።

የቀረው ተዋጋ። ደኅና ተዋጋ።
መድፉ ተጠመደ፤ አጓራ፤ ጥይቱ ማዶ ወረደ፣
እንደ ዘነዘና ጭቃ ውስጥ ተሰካ እንጂ አልነደደ።
አንድ። ሁለት። አምስት።
የማዶ ሰዎች መጀመሪያ ተኙ፣ ኋላ ቀና አሉ፣
ኋላ ደግሞ ሳቁ።
አያቴ ባሻ ሽብሩ፣ ከመድፉ ጀርባ፣ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆት፣
አሥራ ሰባቱን የናስ አፍንጫ ይዞ ነበር በስልቻው ደብቆት፤
ሌሊቱን አንድ በአንድ የፈታቸው በገዛ ጣቱ ነው።

ስንት ተከፈለው? ቤታችን አንድም ጋሻ መሬት አልገባም።
“ያን ቀን ሰው አልገደልኩም” ይል ነበር፣ ሞቱ ሲቃረብም፤
የንስሐ አባቱ ግን ይህን በየትኛው ወገን እንደሚቆጥረው አላወቀም።

ፊታውራሪን በሦስተኛው ቀን ጅሁር ላይ አገኙት፣
ከገብስ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከነሚስቱ፤ በመጫኛ ስበው አወጡት።
ወይዘሮ ማንያህልሻል ከጸጉሯ ገብስ እያራገፈች፣
“ቶሎ በሉ እንጂ፣ ብርድ ነው” አለች።
ሌላ ምንም አላለች።

ባለፈው ሳምንት፣ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ስጽፍ፣
ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፦
“መምህር፣ ውርጩም ስልኩም ይቅር፤
ፊታውራሪን ያሸነፈው ማን ነው?”

ጠመኔዬን አስቀመጥኩ።
“ራሱ ነው” አልኩት።

በደብተሩ ጻፈው።
የትኛውን ራሱ እንደ ጻፈ አላወቅሁም፤
ደወል ተደወለ፣ እኔም አልጠየቅሁትም።